እትዬ አፀደን ቆሮንቶስ ያደረስኩበት ቀን

እኔ ቢተው ትኬት ቆራጭ ነኝ። የአውቶቡስ አይደለም፣ የአውሮፕላን ነው፤ ይህን ልዩነት ለዘመድ ሁሉ ለማስረዳት ብዙ ምራቅ ጨርሻለሁ። ከቦሌ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ባለች ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጬ ሰውን ወደ ሮም፣ ወደ ጂዳ፣ ወደ ለንደን እሸኛለሁ። እኔ ራሴ ግን እስከዚያ ጉዞ ድረስ በአውሮፕላን የሄድኩት አንዴ ብቻ፣ እሱም ድሬዳዋ ነበር።

ይህ ከማውራት አላገደኝም። ደንበኛ መጥቶ «ፍራንክፈርት ይበርዳል?» ሲለኝ «ጠዋት ጠዋት ሹራብ ጣል ያድርጉ» እለዋለሁ፣ ትናንት ከዚያ እንደመጣሁ ሁሉ። «ለንደን ስደርስ ቀጣዩን አውሮፕላን የምይዘው በየት በኩል ነው?» ካለኝ «እንደወረዱ ወደ ቀኝ ነው» እላለሁ። እስካሁን ተመልሶ የከሰሰኝ ሰው የለም። ወይ መንገዱ በቀኝ ነው፣ ወይ ሰዎቹ እስካሁን እዚያው እየዞሩ ነው።

ሀይሚን የተዋወቅኋት በሥራ ነው። እሷ ቦሌ ኤርፖርት መንገደኛ ትመዘግባለች፤ እኔ የላክሁት መንገደኛ በተሳሳተ ቀን ሻንጣውን ጎትቶ ፊቷ ሲቆም ደውላ የምትሰድበኝ እሷ ነበረች። ስድቡ ቀስ በቀስ ወደ ሻይ፣ ሻዩ ወደ ቁም ነገር ተሸጋገረ። በ1988 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አጎቴን አቶ አያሌውን አስቀድሜ ወደ እናቷ ሽማግሌ ላክሁ።

እናቷ እትዬ አፀደ ሲኤምሲ የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያዩ ሴት ናቸው። ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ጉዳዩን ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦ «ልጁ ሁለት ሦስቴ እቤቴ መጥቷል። ሲናገር እንጂ ሲሰማ አላየሁትም። እኔ ልጄን ለሬዲዮ አልድርም።» አቶ አያሌው ይህን ሲነግሩኝ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ሀይሚን እወዳት ነበር፤ እናቷ እምቢ ካሉ ደግሞ እንደማታገባኝ ቁርጡን ነግራኛለች።

መውጫው የተገኘው በሟቹ ባለቤታቸው በአቶ ገረመው በኩል ነው። እሳቸው በልጅነታቸው ዲያቆን፣ በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የጳውሎስን መልእክታት ለሚስታቸው ያነቡላቸው ነበር። የቆሮንቶስ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ቆም ይላሉ። «ይህ ሁሉ ምክር፣ ይህ ሁሉ ቁጣ የተጻፈላቸው ሰዎች ምን ዓይነት ሰፈር ቢኖሩ ነው?» ይላሉ። ሊሞቱ ሲሉ «እኔ አልደረስኩም፤ ከቻልሽ አንቺ ሄደሽ እይልኝ» አሏቸው፤ እሳቸውም ቃል ገቡ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እትዬ አፀደን ግን ቆሮንቶስ ይናፍቃቸው ነበር፣ የሟች ቃል አለባቸዋ።

ሀይሚ ለቤተሰቧ ከሥራዋ የምታገኘው ትኬት ነበራት። «እማዬን አቴንስ እንውሰዳት፤ ከዚያ ቆሮንቶስ ቅርብ ነው። አንተ ጉዞውን ታዘጋጃለህ፣ እሷም ሰው መሆንህን ታያለች» አለችኝ። ሦስታችንም ልንሄድ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት የሥራ ባልደረባዋ ታመመችና የሀይሚ ፈቃድ ቀረ። እትዬ አፀደ ደግሞ ሻንጣቸውን ከቆለፉ ወዲያ የሚመልሳቸው የለም። እንዲህ ሆኖ እኔና አማቴ ለመሆን ያልፈቀዱት ሴት ብቻችንን ቀረን። ሀይሚ ኤርፖርት ስትሸኘን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እባክህ ብዙ አታውራ» አለችኝ።

የአንድ ቀኑን ጉብኝት ከቢሮዬ ሆኜ በፋክስ ያስያዝኩት እኔው ነኝ። የአቴንሱ አስጎብኚ ድርጅት በላከው ወረቀት ላይ ቆሮንቶስ የሚል አየሁ፤ ከሱ በታች ሌሎች ስሞችም ነበሩ፣ ግን የምፈልገውን ካገኘሁ ወዲያ ምን አለፋኝ። ከጎኑ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉ የእንግሊዝ ፊደላት ተደርድረዋል። በእኛ ሙያ ፊደል ማለት የወንበር ማዕረግ ነው። ስለዚህ ኢ ኢኮኖሚ፣ ኤፍ አንደኛ ማዕረግ፣ ጂ ደግሞ ጋይድ ያለው፣ ማለትም አስጎብኚ የተመደበለት መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። አማት ይዤ ያለ አስጎብኚ አልሄድም አልኩና ጂን መረጥኩ።

አቴንስ በገባን ማግስት ጠዋት ሆቴላችን በር ላይ ሁለት አውቶቡሶች ቆመዋል። በፊተኛው እንግሊዞችና አሜሪካኖች ተሳፈሩ። አስጎብኚ የሌላቸው ምስኪኖች ናቸው ብዬ በሐዘኔታ እጄን አውለበለብኩላቸው። እኛ በኋለኛው ገባን፤ እትዬ አፀደ ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። አስጎብኚዋ ረዘም ያለች ግሪካዊት ናት፤ ማይክራፎኑን አነሳችና መናገር ጀመረች። እኔም ለመተርጎም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

አንድም ቃል አልገባኝም። መጀመሪያ ማይክራፎኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ዙሪያዬን ስመለከት ግን ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ከፊታችን የተቀመጡት ሰውዬ ወደ ሚስታቸው ዞረው አንድ ነገር ሲሉ ያ ቋንቋ ምን እንደሆነ ለየሁት፤ ቢሯችን በስህተት የሚደውሉ ጀርመኖች ነበሩና። ጀርመን በእንግሊዝኛ በጂ እንደሚጀምርም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ኢ እንግሊዝኛ፣ ኤፍ ፈረንሳይኛ፣ ጂ ጀርመንኛ። የእንግሊዞቹ አውቶቡስ መታጠፊያውን አልፎ ሄዷል።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ አፀደ።

ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «ተሳስቼ ከጀርመኖች ጋር አሳፍሬዎታለሁ» ይላል። እኔ ግን ሽማግሌዎቹ ታወሱኝ። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ መንገዳችሁ የተቃና ይሁን ነው የምትለው» አልኩ።

«ይህን ያህል አውርታ ይህን ብቻ?»

«የፈረንጅ ቋንቋ እንዲሁ ይረዝማል፤ ሲተረጎም ያጥራል።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ሴትዮዋን አዩ። አስጎብኚዋ ስትቀጥል እኔም ቀጠልኩ። ከአፏ የለየሁት ቃል «ኦሎምፒያ» ብቻ ነበር፤ እሱንም ቦሌ መንገድ ላይ ታክሲ የምይዝበት ሰፈር ስለሆነ ነው። የቀረውን ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከስምንተኛ ክፍል ታሪክና ከሆዴ እያወጣሁ ሞላሁት። ጀርመኖቹ በአንድነት ሲስቁ እኔ በዚያው ሰዓት ስለ ሰማዕታት እየተረጎምኩ ነበር። «ሰማዕታቱ ያስቃሉ?» አሉኝ እትዬ አፀደ። «እነዚህ እኮ እምነት የላቸውም» አልኩ። ከፊታችን ያሉት ሰውዬ አንገት ላይ መስቀል ነበረ።

ጥቂት እንደተጓዝን አውቶቡሱ አንድ ድልድይ አጠገብ ቆመ። ምድሩ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ ተሰንጥቋል፤ ከታች በጣም ርቆ ቀጭን ሰማያዊ ውኃ ይታያል። ምልክቱ ላይ ቆሮንቶስ የሚል አነበብኩና ነፍሴ መለስ አለች። «ደረስን» አልኩ። «ጳውሎስ በመርከብ የገባው በዚህች ቀጭን ባሕር ነው።» እትዬ አፀደ አማተቡ። ውኃው ሰው የቆፈረው ቦይ እንደሆነ፣ የተቆፈረውም ከመቶ ዓመት በፊት መሆኑን የሰማሁት አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው።

ፎቶ ተነሥተን ተመልሰን ተሳፈርን። አውቶቡሱ መሄዱን ቀጠለ፤ ወይራ ለወይራ፣ ብርቱካን ለብርቱካን እያለ ይከንፋል።

«ደርሰን የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ያ መግቢያዋ ነው። ከተማዋ ሰፊ ነበረች፤ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ይሏታል።»

«ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ እንኳ ይህን ያህል አይፈጅም» አሉ፤ ደግመው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

የቆምነው አንድ ኮረብታ ሥር ነው። ሽቅብ ስንወጣ ከትልልቅ ድንጋይ የተሠራ በር አለ፤ ከበሩ በላይ ሁለት አንበሶች ተቀርጸዋል። «የይሁዳ አንበሳ» አሉ እትዬ አፀደ፣ ፊታቸው በራ። እኔም «ከእኛ የወሰዱት ነው» አልኩ። ጠጋ ብለው አዩና «ራስ የላቸውም» አሉ። እውነትም የሁለቱም ጭንቅላት የለም። «ቱርክ ቆርጦት ነው» አልኩ። ለምን ቱርክ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ለራሴም አይገባኝም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከኮረብታው ወርደን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱን። ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ የሆነ ሰፊ መተላለፊያ፣ መጨረሻው ላይ ረጅም በር። ውስጡ ክብ ነው፤ ግድግዳው እንደ ቀፎ እየጠበበ ሄዶ ራሱ ጣራ ይሆናል።

«ክብ ነው» አሉ እትዬ አፀደ በሩ ላይ ቆመው። «እንደኛ አገር።»

«እንዴታ» አልኩ፣ ሳላስብ። «ጳውሎስ ያስተማረበት ቤተ ክርስቲያን ነው።»

ጫማቸውን አወለቁ። የበሩን መቃን በግንባራቸውም በከንፈራቸውም ተሳለሙ። ገብተው መሐል ላይ ቆሙና የባለቤታቸውን ስም ጠርተው ኪራላይሶን ማለት ጀመሩ። ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም፣ ግን ጣራውን ዞሮ ይመለሳል። ጀርመኖቹ ወሬያቸውን አቆሙ፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። አስጎብኚዋም ዞር ብላ አየቻቸው፤ ኪራላይሶን የራሷ አገር ቃል ነውና።

በቀኝ በኩል አንዲት ጨለማ የዋጣት ትንሽ ክፍል አለች። እትዬ አፀደ እንዳዩዋት መቅደስ ነች ብለው ራቅ ብለው ሰገዱላት። ወዲያው ቁምጣ የለበሱ ሁለት ጀርመናውያን ሴቶች ካሜራቸውን ይዘው ወደዚያች ክፍል አቀኑ። እትዬ አፀደ በባዶ እግራቸው ሮጠው በሩን ዘጉባቸው፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው። «በስመ አብ፤ ሴት መቅደስ አይገባም። ያውም በዚህ አለባበስ።»

አስጎብኚዋ እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። «ሴትዮዋ ምን ሆኑ?» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። በደስታ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

«መቅደስ ውስጥ ሴት አይገባም እያሉ ነው» አልኳት።

«የምን መቅደስ? ይህ እኮ መቃብር ነው። ክርስቶስ ከመወለዱ ከሺህ ዓመት በፊት የኖረ የአረማዊ ንጉሥ መቃብር።»

«ቆሮንቶስ አይደለም?»

«ቆሮንቶስን ጠዋት አልፈነዋል። ድልድዩ ጋ ፎቶ ተነሣን እንጂ በፕሮግራማችን የለም። ይህ ሚኬኔ ይባላል።»

እትዬ አፀደ ከመቅደሳቸው በር ላይ ሳይነቃነቁ «ምን ትላለች?» አሉኝ።

አቧራ የነካ ባዶ እግራቸውን አየሁ፤ እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር፤ መቃብሩም ለዚህ የተመቸ ነበር። እፍረት ግን አፌን አልዘጋውም። «ስለተቆጡላት ታመሰግናለች» አልኩ። ጀርመኖቹም ሳይገቡ ተመለሱ። አስጎብኚዋ ከአሮጊት ጋር አልከራከርም ብላ ነው መሰለኝ።

ምሳ አንድ መንደር ውስጥ በላን። ለአስጎብኚዋ የሑዳዴ ጾም ላይ መሆናችንን በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ፊቷ በፈገግታ ተሞላ፤ እኛም ኦርቶዶክስ ነን፣ ጾም እናውቃለን ብላ ራሷ ማእድ ቤት ገብታ አዘዘችልን። የመጣው ሳህን ላይ እግረ ብዙ የባሕር አውሬ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። እትዬ አፀደ በሹካቸው ጫፍ አንዱን እግር አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ጾም ነው አለች?» አሉ።

«ደም የለውም፤ ስለዚህ በጾም ይበላል ትላለች።» እስከዚያ ሰዓት በትክክል የተረጎምኩት ይህንን ብቻ ነው፣ እሱንም አላመኑኝም። በዳቦና በወይራ ፍሬ ጾማቸውን ፈቱ። እኔም የይሉኝታ ነገር ሆኖብኝ ዳቦ ብቻ በላሁ፣ ሽታው ግን አንጀቴን በልቶታል።

ከምሳ በኋላ የቀረን አንድ ቦታ ነበር፣ ኤጲዳውሮስ የሚባል። ተራራውን ተደግፎ የተሠራ የድንጋይ ደረጃ፣ ግማሽ ክብ፣ እስከ ሰማይ የሚወጣ መቀመጫ። ከታች አደባባይ፣ አደባባዩ መሐል አንድ ክብ ድንጋይ። እዚህ እንኳ ዝም ብል ምን ነበረበት? ለእትዬ አፀደ ግን ቆሮንቶስ ማሳየት አለብኝ። «የጳውሎስ መልእክት ሲመጣ የቆሮንቶስ ሰዎች ተሰብስበው የሰሙት እዚህ ተቀምጠው ነው» አልኳቸው።

ደረጃውን ወደ ላይ አዩት። «ገረመው ምን ዓይነት ሰፈር ነው ይል ነበር» አሉና መውጣት ጀመሩ። ጉልበታቸው ከእኔ ይበረታል፤ ከጀርመኖቹ ጋር እኩል የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሰው ተቀመጡ። ከታች ሳያቸው ነጭ ነጠላቸው ብቻ ይለያል። አስጎብኚዋ ቀደም ብላ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጥታ ነበር፤ እንደተለመደው አልሰማሁትም። እኔ ፎቶ አነሣለሁ ብዬ አደባባዩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

ዞር ዞር ስል ያ ክብ ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሏል። ከላይ ያሉት በጣም ሩቅ ናቸው፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ እውነት ያልተነፈሰ ሰው ነበርኩና ለራሴ፣ በዝግታ፣ ከጥርሴ ሥር አጉረመረምኩ።

«ቢተው፣ አለቀልህ። ሴትዮዋን የአረማዊ መቃብር አሳለምካቸው። ቆሮንቶስ እኮ ጠዋት አልፎናል። ጀርመንኛ አንድ ቃል አታውቅ፣ ምን አስቀባጠረህ? የሞተ ባላቸውን ቃል እንኳ አበላሸህባቸው። ሀይሚን አጣኋት በል።»

ጭብጨባ ተነሣ። ከላይ እስከ ታች ጀርመኖቹ ቆመው ያጨበጭባሉ፤ «ብራቮ» የሚሉም አሉ። አስጎብኚዋ ከጎን ሆና አውራ ጣቷን አሳየችኝ፤ ለካ ከዚያ ድንጋይ ላይ የተተነፈሰ ቃል እስከ መጨረሻው ደረጃ ጥርት ብሎ ይሰማል። ለዚህ ነበር ያን ያህል ያብራራችው፣ ለዚህ ነበር ሰዉ ሁሉ ጸጥ ያለው። በአገሬ ቋንቋ ግጥም ያነበብኩላቸው መስሏቸዋል። እኔም ነገሩ ሳይገባኝ እጅ ነሣሁ። ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የማያጨበጭብ አንድ ነጭ ነጠላ አየሁ።

እትዬ አፀደ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ እየተጠነቀቁ ወረዱ። እኔ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

«ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል» አሉኝ።

ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ስንመለስ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። አስጎብኚዋ ማይክራፎን ይዛ ታወራለች፤ ምን አለች ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ እዘጋዋለሁ። ሀይሚ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። መልሼ የሽማግሌ ነገር እንደማላነሣ ለራሴ ነገርኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ አፀደ «ያ ጠዋት የቆምንበት ድልድይ ጋ ስንደርስ እንወርዳለን» አሉ። ለአስጎብኚዋ ነገርኳት። የድሮው ከተማ ከዚያ በታክሲ ቅርብ መሆኑን፣ ግን በዚህ ሰዓት እንደሚዘጋ ነገረችኝ።

«ተዘግቷል ትላለች» አልኩ።

«የእሷ ነው ወይስ ያንተ?»

«የእሷ ነው፣ እትዬ።»

«ይዘጋ። እንወርዳለን።»

ወረድን። ታክሲ ያዝንና አንዲት ጸጥ ያለች መንደር አደረሰን። የሽቦ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ የፈራረሰ ድንጋይ ሜዳውን ሞልቶታል፣ ከመሐሉ ጥቂት ወፋፍራም ምሰሶዎች ቆመዋል፣ ከኋላቸው ትልቅ ተራራ። ምልክቱን በእንግሊዝ ፊደል ሁለቴ አነበብኩት። ቆሮንቶስ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በሩን ቆልፎ ከአጥሩ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እነዚያ ምሰሶዎች...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተ ተው» አሉኝ። «እኔ ራሴ እጠይቃለሁ።»

አጥሩን ይዘው ዘበኛውን ጠሩት። ሰውዬው ተነሥቶ መጣ። እትዬ አፀደ በጣታቸው መሬቱን አሳዩና «ቆሮንቶስ?» አሉት። ሰውዬው ፊቱ ፈካ። «ጳውሎስ?» አሉት ደግሞ። ዘበኛው ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ «ነይ» አላቸው። «ነይ፣ ነይ።»

እትዬ አፀደ ደርቀው ቀሩ።

«ነይ አለኝ» አሉ። ወደ እኔ አልዞሩም። «ሰማኸው? ነይ አለኝ። እናት አባቴ አልፈዋል፣ ታላላቆቼም የሉም። ገረመው ከሞተ ወዲህ ነይ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሲኤምሲ ሙሉ ይምጡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ ነው።» ሽቦውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አለቀሱ። ዘበኛው ግራ ገብቶት ወንበሩን አምጥቶ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አቀበለኝ። አስቀመጥኳቸው።

ከቆይታ በኋላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀና አሉ። «እስቲ አንተ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበረ። «በእነሱ ቋንቋ ምን ማለት ነው?»

እኔ ከአቴንስ ወኪሎች ጋር በስልክ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስደውልላቸው ከሌላ ሰው ጋር እያወሩ ያቆዩኛል፤ ትኬቱ ተገኘ ወይ ሲባሉ «ነይ፣ ነይ» ይላሉ። አዎን ማለት ነው። በጠቅላላው የማውቀው የግሪክ ቃል እሱ ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የማላውቀውን ስተረጉም ውዬ፣ አሁን ገና እውነተኛ ትርጉም እጄ ገባ። ዘበኛው ያላቸው፣ አዎን፣ ቆሮንቶስ ነው፣ አዎን፣ ጳውሎስ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ ፊቴን መረመሩት። «አላውቅም ማለትም ትችላለህ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ምሰሶዎቹ ዞረው፣ መጨለም እስኪጀምር ድረስ ለባለቤታቸው ያዩትን ሁሉ በሹክሹክታ ሲነግሯቸው ቆዩ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ወደ አቴንስ በሚመልሰን የሕዝብ አውቶቡስ ውስጥ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌዎቹን ላክ። ያንኑ አያሌውን ይዘህ» አሉኝ።

ተላኩ፤ ሀይሚም ሚስቴ ሆነች። ዘመድ ሲኤምሲ ቤታቸው በተሰበሰበ ቁጥር አማቴ ስለዚያ ቀን ያወራሉ። ስለ መቃብሩም፣ ስለ አንበሶቹም፣ ስለ ጀርመንኛዬም አያነሡም፣ እግዜር ይስጣቸው። የሚያወሩት ጳውሎስ አገር በር ላይ አንድ ሽማግሌ «ነይ» ብሎ እንደጠራቸው ነው። ሰዉ ያማትባል። ሁልጊዜ አንዱ አይታጣም፣ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ እኮ ከግሪኮች ጋር ትሠራለህ፤ ቃሉ በእነሱ ምን ማለት ነው?» ይለኛል።

«እሱን አትጠይቁት» ይላሉ እትዬ አፀደ። «ይህን ያህል ዓመት ሲሠራ አንድ ቃል አልያዘም።»

ሰዉ ይስቅብኛል፤ ሀይሚም አብራ ትስቃለች። እኔም አላውቅም እላለሁ።